ያለ ምክንያት ስለ ማዘንና ያለ ልክ ስለ መደሰት

በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ወጣት ጸሐፊ በሐሳባችን እናቁም፤ ስሙንም እገሌ እንበለው። እገሌ ዝምተኛ፥ ሥራ አክባሪ፥ ከደመወዙ ላይ በየወሩ ለእናቱ የሚቈርጥ ልጅ ነው። አንድ ሰሞን ግን ጠባዩ ይለወጣል። ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ይነሣል፤ እንቅልፍ አነሰኝ ብሎም አያማርርም። ዘበኛው በሩን ሳይከፍት እርሱ ከደጅ ይደርሳል። ለዓመታት የተከመረውን ፋይል በሁለት ቀን ያደራጃል፤ የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ከሥር እስከ ጫፍ የሚለውጥ የአርባ ገጽ ማስታወሻ ጽፎ በቀጥታ ለሚኒስትሩ ይልካል። ያ ዝምተኛ ልጅ ጨዋታ ዐዋቂ ይሆናል፤ ባልደረቦቹን ምሳ ይጋብዛል፤ በሻይ ቤቱም ድምፁ ከሁሉ በላይ ይሰማል። ሰዎቹም «ልጁ ነቃ፥ ተመስገን» ይላሉ።

ሦስተኛው ሳምንት ሲገባ ዕቁብ ይደርሰዋል። ገንዘቡን በሙሉ አውጥቶ፥ ለምከፍተው ማተሚያ ቤት ነው ብሎ ሁለት አሮጌ ማባዣ መኪና ይገዛል፤ የጐደለውንም ከአራት ሰው ይበደራል። አለቃው ቢመክሩት በሰው ፊት ያዋርዳቸዋል። ንግግሩ ከመፍጠኑ የተነሣ አንዱን ነገር ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ተኩል ያህል ቆይቶ ድምፁ ይጠፋል። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል፤ ጢሙን አይላጭም፤ የቀረበለትን እንጀራ ጥቂት ቈርሶ ይተወዋል። እናቱም «ያን ጊዜ ልጄ እንዴት ያለ ሰው ሆኖ ነበር! ዓይን በላብኝ» እያለች ታለቅሳለች።

እናቲቱም ባልደረቦቹም የልጁ ሕመም የጀመረው በወደቀበት ቀን ነው ብለው ያምናሉ። ዛሬ ከአንባቢዎቼ ጋር ልነጋገርበት የምፈልገው ይህንኑ እምነት ነው። ሕመሙ የጀመረው ልጁ በሌሊት እየተነሣ ድካም ያልተሰማው ለት ነበር። ያን ጊዜ ግን ማንም «አመመህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀውም፤ ደስ ያለውን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ በየትም አገር ልማድ አይደለምና።

ሐኪሞች የመጀመሪያውን ወራት ማኒያ ይሉታል፤ ሁለተኛውን ድባቴ ይሉታል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ እየተፈራረቁ ሲመጡ የበሽታው ስም ባይፖላር ነው፤ ሁለት ጫፍ ያለው ማለት ነው። ስሙ አዲስ ቢመስልም ነገሩ የቈየ ነው። የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ ከ1,800 ዓመት በፊት ገደማ ትካዜና እብደት በአንዱ ሰው ላይ ሲፈራረቁ አይቶ ጽፎአል። በ1850ዎቹ ዓመታት ደግሞ ፋልሬ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም ሕመሙን «ዞሮ የሚመጣ እብደት» ብሎ ሰየመው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እኔ እንደሚመስለኝ የፋልሬ ስም ከዛሬው ስም ይልቅ ነገሩን ይገልጠዋል። ሁለት ጫፍ ሲባል ሰው በአንደኛው ጫፍ ቆሞ የሚቀር ይመስላል፤ የዚህ በሽታ ዋናው ጠባዩ ግን መዞሩና መመለሱ ነው።

ድባቴ ብቻውን የሚመጣባቸው ሰዎች እጅግ ይበዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2019 ባወጣው ግምት በመላው ዓለም 280 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በድባቴ፥ 40 ሚሊዮን ያህል ደግሞ በባይፖላር ታመው ነበር። ድባቴ በሴቶች ላይ ይበረታል፤ ባይፖላር ግን በአብዛኛው አገር ወንድና ሴት አይመርጥም።

እዚህ ላይ ሐዘንንና ድባቴን መለየት ይገባል። ሰው ሲሞትብን፥ ፈተና ስንወድቅ፥ የወደድነው ሲከዳን ማዘን የሰው ወጉ ነው። እንዲያውም ለሐዘን የኛ አገር ሰው ሥርዐት አበጅቶለታል፤ ድንኳን ይጣላል፥ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፥ ሰልስት ይወጣል፥ አርባው ይወጣል፥ ተዝካሩ ይወጣል፤ ሐዘንተኛውም በየደረጃው ወደ ሰው ይመለሳል። ሐዘንተኛ በልቅሶው መካከል አንድ ወሬ ቢያሥቀው ይሥቃል። የድባቴ ሕመምተኛ ግን ድንኳን የሚጣልለት ሙት የለውም፤ የሚያሥቀውም ነገር ትርጉም ያጣበታል። ቀኑን ሙሉ፥ በየቀኑ፥ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ መንፈሱ ይጨልማል፤ ይወደው የነበረው ነገር ይሰለቸዋል፤ እንቅልፉ ይጠፋል ወይም ይበዛል፤ አንዲት ገጽ አንብቦ ምን እንዳነበበ አያስታውስም። ከሁሉም የከፋው «እኔ የማልረባ ነኝ፥ ለሰው ሸክም ነኝ» የሚለው ሐሳብ ነው። ሐዘንተኛ ሟቹን ያለቅሳል እንጂ ራሱን አይንቅም።

በኛ አገር ድባቴ ብዙ ጊዜ በራሱ ስም አይመጣም። ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው ሰው «መንፈሴ ወደቀ» አይልም፤ «ራሴን ያቃጥለኛል፥ ልቤን ይወጋኛል፥ ጨጓራዬ ነው፥ ሰውነቴን ይከብደኛል» ይላል። ስለዚህ የጨጓራ መድኃኒትና የራስ ምታት ክኒን ሲያመላልስ ዓመት ያልፋል። በዚህ ሰውዬውን መውቀስ አይገባም፤ ሕመሙ በእርግጥ በሰውነቱ ውስጥ ይሰማዋል።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ግን ሌላ ነው። የእገሌ ዐይነት ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው በወደቀ ጊዜ ነው። በማኒያው ወራት ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል! ሐኪሙም የወደቀ ሰው ፊቱ ተቀምጦ ያያል፤ የማኒያውን ወራት የሚነግረው ከሌለ ድባቴ ነው ብሎ የድባቴ መድኃኒት ያዝለታል። መድኃኒቱ፥ አሚትሪፕቲሊን ይሁን ፍሉኦክሰቲን፥ ለድባቴ ብቻ ሕመምተኛ መልካም መድኃኒት ነው። ለባይፖላር ሕመምተኛ ግን ብቻውን ሲሰጥ ከጕድጓዱ አውጥቶ በመካከል ሳያቆመው ወደ ላይኛው ጫፍ ሊወረውረው ይችላል። ቤተ ሰቡም «መድኃኒቱ አሳበደው» ብለው መድኃኒቱን ሁሉ ይጥላሉ። በዚህ መንገድ ትክክለኛው የበሽታ ስም ሳይታወቅ ዓመታት ማለፋቸው እዚህ ብቻ ሳይሆን በሠለጠኑት አገሮችም የተለመደ ነው።

ታዲያ ለሐኪሙ ምን ይነገረው? ሐዘኑን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም ደስታ ንገሩት። እንቅልፍ ሳይተኛ የማይደክምበት ሳምንት ነበረን? ንግግሩ የሚፈጥንበት፥ ገንዘብ የሚበትንበት፥ ራሱን ከሰው ሁሉ በላይ የሚያይበት ጊዜ ነበረን? ይህ ለአንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ከቈየ ወይም ሆስፒታል እስከ መግባት ካደረሰ ማኒያ ነው። አራት ቀን ያህል ቈይቶ ሥራና ኑሮ ሳያፈርስ የሚያልፍ ቀለል ያለ ዐይነትም አለ፤ እርሱ ሂፖማኒያ ይባላል፤ ይህኛው ከትጋት ጋር ስለሚመሳሰል ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። ሕመምተኛው ራሱ ያን ሰሞን የሚያስታውሰው በሕይወቱ ከሁሉ የተሻለ ጊዜው አድርጎ ነውና እንደ ሕመም አይናገረውም። ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲሄድ ያን ጊዜ አብሮት የነበረ ወንድም ወይም እኅት ቢከተለው፥ ከብዙ ምርመራ የበለጠ ይጠቅማል።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፥ የከተማ ሰው ጥጋብ ነው» የሚል ሰው አላጣም። ለእንዲህ ያለው ሰው መልሱ ቡታጅራ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዚህች አገር፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከ1998 እስከ 2001 ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን ጠየቁ። አብዛኛው ሰው እንሰት ተካይ፥ በቈሎና በርበሬ አብቃይ ገበሬ ነው። ከእነዚህ መካከል ማኒያ ያለበት ባይፖላር የተገኘባቸው 315 ሆኑ፤ ከሁለት መቶ ሰው አንድ ያህል መሆኑ ነው። ይህ ቍጥር ደብዳቤና ስልክ፥ ጭንቀትና ጥድፊያ ከበዛባቸው ታላላቅ ከተሞች ብዙም የሚርቅ አይደለም። አብዛኞቹም ከዚያ በፊት በዘመናዊ ሕክምና ተረድተው አያውቁም ነበር። ተመራማሪዎቹ ሕመምተኞቹን ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ሲከታተሉአቸው ከሦስቱ የሁለቱ ያህል ሕመም ተመልሶባቸዋል፤ ደኅና ሆኖ ከመቈየት ጋር ግንኙነት ያለው ሆኖ የተገኘውም መድኃኒት መውሰድ ነበር።

መነሻው ምንድን ነው? በባይፖላር ላይ የዘር ድርሻ ትልቅ ነው። ከሕዝቡ መካከል በበሽታው የሚያዘው ከመቶ አንድ ያህል ሲሆን፥ አባቱ ወይም እናቱ የታመሙበት ልጅ ግን ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር የሚደርስ ዕድል አለበት። ይህንን ደግሞ ገልብጦ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከመቶ ልጆች ዘጠና ያህሉ አይታመሙም ማለት ነው። ስለዚህ «ዘራቸው እብደት አለበት» ብሎ ጋብቻ ማፍረስ ሒሳብም አለማወቅ ነው። በድባቴ ላይ ግን የዘር ድርሻ ያነሰ ነው፤ ድኽነት፥ በልጅነት የደረሰ ግፍ፥ ብቸኝነት፥ ረዥም ሕመም፥ መጠጥ ይበልጡን ይከብዱበታል።

ከዚህም በቀር ድባቴን መስሎ የሚመጣ የአካል ሕመም አለ። የእንቅርት ዕጢ፥ ማለትም ታይሮይድ፥ ሥራዋን ስታቀዘቅዝ ሰውየው ይፈዝዛል፥ ይተክዛል፥ ይወፍራል፥ ይበርደዋል፤ እንቅርት በበዛበት አገር ይህን በደም ምርመራ አለማጣራት ትልቅ ጉድለት ነው። አራስነትም ሌላ ጊዜ ነው። ባይፖላር ላለባት ሴት ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከዕድሜዋ ሁሉ ይልቅ የሚያሠጉ ናቸው። «አራስ ናት፥ ሰይጣን ለክፎአት ነው» ተብሎ ሳይታከም የሚያልፈው ሕመም እናትንም ሕፃንንም ያጠፋል።

ከሁሉም ይልቅ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች የሚቀርበው መነሻ ግን የእንቅልፍ ጕድለት ነው። ማኒያ የሚመጣበት ጠባይ ያለው ሰው ሁለትና ሦስት ሌሊት ነቅቶ ሲያድር ሕመሙ ሊነሣበት ይችላል። ተማሪዎች የፈተና ሰሞን ጫት ይዘው ሌሊቱን ሲያጠኑ ምን እንደሚያደርጉ ይወቁት፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ቅመም አእምሮን የሚያነቃቃና እንቅልፍ የሚያባርር ነው። ለብዙው ተማሪ ጕዳቱ በፈተናው ማግስት መፍዘዝ ይሆናል። ዘር ላለበት ተማሪ ግን የመጀመሪያው ማኒያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚሁ በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ነው፤ እንግዲህ ጫቱና ፈተናው ከዕድሜው ጋር ተገጣጠሙ ማለት ነው።

ስለ ሕክምናው ለመናገር በ1940ዎቹ ወደ አውስትራልያ መሻገር አለብን፤ የዛሬው የባይፖላር ሕክምና የተጀመረው በሜልቦርን ከተማ አጠገብ በአንድ ባዶ ኩሽና ውስጥ ነውና። ጆን ኬድ የተባለው ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሲንጋፖር በጃፓኖች ተማርኮ ሦስት ዓመት ተኩል በቻንጊ እስር ቤት ኖረ። በዚያም አእምሮአቸው የታወከ እስረኞችን እያየ፥ ይህ ሁሉ በሰውነት ውስጥ ባለ አንድ ነገር ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሳብ አደረበት። ወደ አገሩ ተመልሶ ቡንዱራ በሚባለው የቀድሞ ወታደሮች የአእምሮ ሆስፒታል ሲሠራ፥ የማኒያ ሕመምተኞች መርዝ የሚመስል ነገር በሽንታቸው ያስወግዱ ይሆናል ብሎ ሽንታቸውን ይሰበስብ ጀመር። ላቦራቶሪው አገልግሎት ያቆመ ኩሽና ነበር፤ የሽንቱንም ጠርሙስ የሚያስቀምጠው ቤተ ሰቡ ምግብ በሚያኖሩበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። (ሚስቱ ምን እንዳለች አንባቢ ይገምት።)

ሽንቱን ጊኒ ፒግ በሚባሉ ትናንሽ እንስሳት ላይ ይወጋ ነበር። በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ በውኃ ለማሟሟት ሲፈልግ ከሊቲየም ጋር ቀላቀለው። ሊቲየም ከድንጋይ የሚገኝ ማዕድን ነው፤ ዛሬ ለስልክና ለመኪና ባትሪ ይፈለጋል፤ በኛም አገር በጉጂ በቀንጢቻ ይገኛል። ሊቲየም የተሰጣቸው እንስሳት እንደ መደንገጥ ፈንታ ጸጥ ብለው ተንጋለሉ። ኬድ ከዚያ ያወጣው ሐሳብ ትክክል አልነበረም፤ እንስሳቱ ጸጥ ያሉት መጠኑ በዝቶባቸው ታመው ሳይሆን እንደማይቀር ዛሬ ይታመናል። ሆኖም ከተሳሳተ ሐሳብ እውነተኛ መድኃኒት ወጣ። መድኃኒቱን አስቀድሞ ራሱ ቀመሰው። ከዚያም በመጋቢት ወር 1948 አምስት ዓመት ሙሉ ከማኒያ ላልወጣ አንድ የ51 ዓመት ሕመምተኛ ሰጠው። ሰውየው በጥቂት ሳምንታት ተረጋጋ፤ በሐምሌም ወደ ቤቱ ሄደ፤ ወደ ቀድሞ ሥራውም ተመለሰ። ኬድ በአሥር የማኒያ ሕመምተኞች ላይ ያየውን ጽፎ በመስከረም 1949 በአውስትራልያ የሕክምና መጽሔት አሳተመ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ግን ደኅና ነኝ ብሎ መድኃኒቱን ተወ፤ ሕመሙም ተመለሰበትና በጥር 1949 እንደ ገና ሆስፒታል ገባ። በ1950 ሊቲየሙ በዝቶበት ሞተ። በ1949 ደግሞ በአሜሪካ የልብ ሕመምተኞች በጨው ፈንታ የሊቲየም ጨው በገፍ በልተው የሞቱ ስለ ነበሩ መንግሥት ከገበያ አስወጣው። በመድኃኒቱና በመርዙ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑ ታወቀ። መፍትሔውን ያመጡት በዚያው በሜልቦርን፥ በደም ውስጥ ያለውን የሊቲየም መጠን እየለኩ መስጠትን በ1951 ያሳዩት ትራውትነርና ባልደረቦቹ ናቸው። በ1954 ሞገንስ ሹ የተባለው የዴንማርክ ሐኪም በሚገባ በተዘጋጀ ሙከራ ጥቅሙን አረጋገጠ፤ የገዛ ወንድሙ ለብዙ ዓመት በድባቴ ሲሠቃይ ኖሮ በሊቲየም ተረድቶአል። ሊቲየም ተራ ማዕድን ስለ ሆነ ማንም ኩባንያ የእኔ ነው ብሎ ሊከብርበት አልቻለም፤ ይህም እስኪስፋፋ ድረስ ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ነው ይባላል። አሜሪካ የፈቀደችው በ1970 ነው።

እስከ ዛሬም ሊቲየም ከባይፖላር መድኃኒቶች ሁሉ የከበረ ነው። ማኒያውንም ድባቴውንም እንዳይመለስ ይከላከላል፤ ይልቁንም ሰው በገዛ እጁ ሕይወቱን እንዳያጠፋ የሚያደርገው ጥበቃ በሌሎቹ ዘንድ በዚህ ልክ አልተገኘም። ነገር ግን የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ ለአብዛኛው ሕመምተኛ መጠኑ በአንድ ሊትር ደም ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሞል ቢሆን መልካም ነው፤ ከ1.5 በላይ ሲሆን መርዝነት ይጀምራል። እጅ በብርቱ ሲንቀጠቀጥ፥ ማስታወክና ተቅማጥ ሲመጣ፥ እግር እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ ክኒኑን አቁሞ ወዲያው ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ኩላሊትና የእንቅርት ዕጢም በየጊዜው ይመረመራሉ።

የኛ አገር ሰው በተለይ ማወቅ የሚገባው አለ። ኩላሊት ሊቲየምን ከጨው ጋር አያይዞ ያያል። ሰው ጨው ሲቀንስ፥ ውኃ ሲያጣ፥ ብዙ ሲያልበው ወይም ተቅማጥ ሲይዘው ኩላሊቱ ሊቲየሙን ያስቀረዋል፤ በደም ውስጥም ይጠራቀማል። ስለዚህ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፥ በረመዳንም ከንጋት እስከ ምሽት ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ሕመምተኛ ጾሙ ሳይገባ ለሐኪሙ ይንገር፤ የሃይማኖት አባቱንም ያማክር። እንደዚሁም ለወገብና ለጥርስ ሕመም ከመድኃኒት መደብር በቀላሉ የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሊቲየሙን ያበዙታል፤ ፓራሲታሞል ይሻላል።

የደም ምርመራው በማይገኝበት ስፍራ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ ቫልፕሮዌት፥ ካርባማዜፒን፥ ሃሎፔሪዶልና እነዚህን የመሰሉ። ከእነዚህ ቫልፕሮዌት የሚያስፈራበት አንድ ነገር አለ፤ ያረገዘች ሴት ብትወስደው ከአሥር ሕፃናት አንዱ ያህል የአካል ጕድለት ይዞ ይወለዳል፤ የብዙዎችም አእምሮ በዕድገቱ ይጐዳል። መውለድ ለምትችል ሴት ይህ ሳይነገራት ሊታዘዝላት አይገባም። በኤሌክትሪክ የሚደረገው ሕክምና በ1938 በሮም የተጀመረ ነው፤ በፊልም ያየነው አስፈሪ መልኩ ዛሬ የለም፤ ማደንዘዣ ተሰጥቶ የሚደረግ ሲሆን፥ መብላት ላቆመና ሞትን ለሚመኝ ብርቱ ሕመምተኛ ከክኒን ይልቅ ፈጥኖ ይደርሳል። ለድባቴ ብቻ ሕመምተኛ ከሠለጠነ ሰው ጋር በየሳምንቱ መነጋገርም ሕክምና ነው። በዚምባብዌ የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያነጋግሩአቸው ሕመምተኞች ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው መገኘታቸው በ2016 በታተመ ጥናት ተገልጦአል። የድባቴ ክኒን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሳይሞላ ጥቅሙ አይታይም፤ ከዳኑም በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር መቀጠል አለበት። በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መጣል እንጀራው ሳይበስል ከምጣድ እንደ ማንሣት ነው።

ስለ ጸበል ሳልናገር ባልፍ አንባቢዎቼ ይታዘቡኛል። ብዙ ሕመምተኛ ወደ እንጦጦና ወደ ሌሎች ጸበል ቦታዎች ይሄዳል፤ በዚያ የሚያገኘው ጸሎትና ሰው ቀላል ነገር አይደለም። የሚያስቸግረው ክኒኑን ጥለህ ና የሚባልበት ጊዜ ነው። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ የተያዙ ምእመናን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ያ ምክር ለአእምሮ ሕመምተኛ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

በአዲስ አበባ «አማኑኤል ግባ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ቀርቶአል። ሆስፒታሉ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ስሙም ለስድብ የተዳረገው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ግን የአእምሮ ሐኪሞች ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሠለጥናሉ፤ ጥቁር አንበሳን፥ ጅማንና ጐንደርን በመሳሰሉት ሆስፒታሎችም ሕክምናው ይሰጣል። ስድቡን የሚፈራ ሰው በሌላ በር መግባት ይችላል።

የታመመው ባልደረባችሁ ወይም የዶርም ጓደኛችሁ ቢሆንስ? በወደቀበት ጊዜ «በርታ፥ ወንድ ሁን» አትበሉት፤ መበርታት ቢችልማ በበረታ። ስለ ሞት ያስብ እንደ ሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አስባለሁ ካለ ለብቻው አትተዉት፤ ሊጐዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት። በማኒያው ጊዜ ደግሞ አትከራከሩት፤ ብርሃኑንና ጫጫታውን ቀንሱለት፥ እንዲተኛ እርዱት፥ ለሐኪሙም ንገሩ።

ከዳነ በኋላ የሚመጣው እፍረት ራሱ አንድ በሽታ ነው። የሰደባቸውን አለቃ፥ የተበደራቸውን ሰዎች ሁሉ ያስታውሳል። አለቃውም ይቅርታ ሲጠየቁ የሕመም ማስረጃውን አይተው ቢቀበሉት መልካም ነው፤ እግሩ ተሰብሮ ሳለ በክራንቹ የመታቸው ሠራተኛ ቢሆን ቂም አይይዙበትም ነበርና። ስለ ገንዘቡ ግን አስቀድሞ መዘጋጀት ይቻላል። አንዳንድ ቤተ ሰብ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሕመምተኛው ደኅና ሳለ ከአንድ እኅቱ ወይም ወንድሙ ጋር ተቀምጦ፥ እንቅልፉ ሁለት ሌሊት ከጠፋ የባንክ ደብተሩን እንዲወስዱበት፥ የዕቁቡንም ጸሐፊ እንዲያነጋግሩ፥ ወደ የትኛው ሐኪም እንደሚወስዱት በወረቀት ጽፎ ይፈርምላቸዋል። ፊርማው ግን በደኅናው ወራት ይሁን፤ በማኒያው ወራት እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚፈርም አይገኝም።